በዛፉ ላይ ሁለተኛዋ ጭረት

ከወንዙ ማዶ ላይ ጭስ አየሁ ቀጥ ያለ፣
በሩን አትዝጉበት የሚመጣ አለ።
እምም… እምም… እምም…
አፌ እህል አይቀምስ ጓዴ እስኪገባ።

ኦልዮሽ ለሦስተኛዋ ስንኝ ቃል አያወጣላትም ነበር፤ በአፍንጫው እያንጎራጎረ ያልፋታል። ረስቷት ነው የሚሉ ነበሩ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ልጁ ሚኮል ሕፃን ሳለ አባቱ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ላይ ተቀምጦ አብሮት ሲዘፍን፣ ያቺ ስንኝ የእሱ ተራ ነበረች። ቆቆቹ ከቅርንጫፍ ብን ብለው እስኪጠፉ ድረስ ይጮኻት ነበር። ሚኮል አድጎ ወደ ቮርኩታ ከተማ፣ ወደ ከሰል ጉድጓድ ሲሄድ አባት ቦታዋን ለልጁ ክፍት አድርጎ ተዋት። አሥራ አንድ ክረምት አለፈ። ቃሎቹም ሳይታወቀው ከልቡ ተንሸራተው ሄዱ። ለሰው ያስቀመጡት ነገር፣ ሰውየው ሲዘገይ እንዲህ ይሆናል።

እኛ የፔቾራ ወንዝ ዳር ሰዎች የአባትን ስም እናስቀድማለንና ሙሉ ስሙ ፔድር ኦልዮሽ ነበር፤ የፔድር ልጅ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ግራ ጉልበቱ ከጦርነቱ ወዲህ ብርድን ከሰማይ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ፣ ወንዙ ሳይረጋ፣ ከጓዱ ከፕሮኮ ጋር ጀልባ ጭነው አምስት ቀን ሽቅብ ይቀዝፉና ስዮድዩ ከሚባለው ጥቁር ጅረት ዳር ካለችው የአደን ጎጆ ይገባሉ። እስከ ገና ድረስ ሰው የሚባል አያያቸውም። ሠላሳ ክረምት እንዲህ ኖረዋል። ፕሮኮ አጭር፣ ደንዳና፣ ምላሱ የማያርፍ ነው። የኦልዮሽ ሚስት ኦጋሽ በሕይወት ሳለች ጀልባው ሲነሳ ወንዝ ዳር ቆማ፣ «ሂዱ እንግዲህ፣ ባልና ሚስት። እኛ የበጋ ቅምጦቻችሁ ነን» ትላቸው ነበር። ኦጋሽ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። ሚኮል ለቀብሯ አልመጣም። መንገድ ተዘግቶ ነው አለ ኦልዮሽ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ጎጆዋን የሠራት አባቱ ፔድር ነው። ከሙሉ ግንድ የተጋደመች፣ በሯ ዝቅ ያለ፣ ቁልፍ የማታውቅ። ሲወጡ ደረቅ ፍልጥ፣ ክብሪትና ጨው ትተው ይወጣሉ፤ የሚያልፍ መንገደኛ ቢኖር እንዳይሞት። መስኮቷ ላይ በየማለዳው ጅራቷ የዛገ ብረት የሚመስል ወፍ ትመጣለች፤ የሰጧትን ስብ ወስዳ በዛፍ ልጥ ሥር ትደብቃለች፤ ዘመዷ ከኋላዋ ተከትሎ ይሰርቃታል፤ እሷ ደግሞ ትመለሳለች። ከጉብታው ማዶ በወደቀ ግንድ ሥር ድብ ተኝቷል። ስሙን አይጠሩትም፣ «ሽማግሌው» ነው የሚሉት፤ በዚያ በኩል ሲያልፉም ሳል እንኳ ይይዛሉ።

ለጎጆዋ አንድ ሕግ አለ፣ ከሁሉ የሚበልጥ። ሁለቱ ጓዶች ጠዋት ተለያይተው ይወጣሉ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ፣ እያንዳንዱ ወደ ወጥመድ መንገዱ። ቀድሞ የተመለሰው እሳት ያነዳል፣ ሾርባ ይጥዳል፣ ግን አይቀመጥም፣ አይበላም። የዘገየው ከወንዙ መታጠፊያ ሲደርስ ያፏጫል፤ ያለው ሰው በማንኪያ ድስቱን ይመታለታል። ከዚያ አብረው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ሳይጠብቅ የበላ ጓድነቱን በልቷል ይባላል። ከዚያ በኋላ ጎጆው የጓዱ ከሆነ የበላው ጠቅልሎ ይወጣል፤ ጎጆው የበላው ሰው ከሆነ ደግሞ ያልተጠበቀው ጓድ ይወጣል። ሌላ ንግግር የለም።

ዛፎቹም የራሳቸው ሕግ አላቸው። የወጥመድ መንገድ ያለው ሰው በየመቶ እርምጃው በጥድ ላይ የቤተሰቡን ምልክት በመጥረቢያ ይቆርጣል። የእነ ኦልዮሽ ምልክት የቁራ እግር ነው፣ ሦስት ጣት። አባቱ ፔድር ያንን ብቻ ቆረጠ። ኦልዮሽ መንገዱን ሲረከብ ከሥሩ አንድ ጭረት ጨመረ። ሁለተኛዋን ጭረት ለሚኮል አስቀመጣት። ልጅ ጭረቱን በዛፍ ላይ ሲቆርጥ መንገዱን ተረክቧል ማለት ነው። አባት ያን ጊዜ ወጥመዶቹን ይነቅላል፣ የመጀመሪያው ግዳይ የልጁ እንዲሆን። ልጁ ደግሞ ግዳዩን ይዞ ደጃፍ ላይ እስኪጥል ድረስ ወደ አባቱ ጎጆ አይገባም፤ በጫካው ውስጥ ግንድ አንድዶ ያድራል። አባት ፈልጎ አይከተለውም፤ ነውር ነው። አንዴ የተነቀለ ወጥመድም በዚያ ክረምት ተመልሶ አይጠመድም።

በዚያ ዓመት በረዶው በጊዜ ጣለ። ኦልዮሽ ሥራቸው በአጋዘን ቆዳ የተለበጠ የበረዶ መንሸራተቻዎቹን እግሩ ላይ አሥሮ በመንገዱ ሩቅ ጫፍ ሲያልፍ አንድ ጥድ ላይ ዓይኑ አረፈ። የቁራ እግር፣ ከሥሩ አንድ ጭረት፣ ከእሷም ሥር ሌላ ጭረት። አዲስ። ሙጫው ገና እንደ ማር ይንጠባጠባል። ሌሊት የጣለው በረዶ ዱካ አልተወም።

ኦልዮሽ ጓንቱን አወለቀ። ዛፉን በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ ያደረገውን ለማንም አልተናገረም፤ የሚያውቀው ጺሙ ነበር።

ማታ ኦልዮሽ ሲመለስ ፕሮኮ ቀድሞ ገብቶ እሳት ዳር ቆሞ አገኘው።

«ምነው ዛሬ ፊትህ በራ፣ አንተ የፔድር ልጅ? ሽለምጥማጥ ሳመችህ?»

«ሚኮል መጥቷል» አለ ኦልዮሽ።

ፕሮኮ በእጁ የያዘው ማንኪያ አልተንቀሳቀሰም።

«ጭረቱን ቆርጧል። ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ። አምስት ዛፍ ቆጥሬ ተውኩት።» ባርኔጣውን አወለቀ። «ይመጣል ብዬህ አልነበር?»

«ብለኸኝ ነበር» አለ ፕሮኮ። ዞር ብሎ እሳቱን መቆስቆስ ያዘ። «ጺምህ ላይ ሙጫ አለ» አለ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

በማግስቱ ኦልዮሽ ወጥመዶቹን ይነቅል ጀመር። ስድሳ ሁለት ወጥመድ። ሽለምጥማጥና ሽኮኮ ጠጉራቸው በሚያምርበት፣ አንዱ ቀን አሥር ቀን በሚያክልበት ጊዜ። ጉልበቱ ቢያነክሰው ፕሮኮ የራሱን መንገድ ትቶ አብሮት ሄደ፤ ግማሹን ብረት በጀርባው ተሸከመለት። ኦልዮሽ በመንገድ ላይ ይዘፍናል፤ ሦስተኛዋ ስንኝ ጋ ሲደርስ ይቆምና ወደ ጫካው ጆሮውን ይሰጣል፣ ከጥዶቹ መሐል የሚመልስለት ያለ ይመስል። ፕሮኮ አቀርቅሮ ይከተለዋል። ለወትሮው አምስት ደቂቃ ዝም የማይል ሰው።

ከዚያ ወዲያ ኦልዮሽ ለመብል አልተቀመጠም። ልጁ በጫካ ነውና ቆሞ ደረቅ ዳቦ ያኝካል፣ ሻይ በቆመበት ይጠጣል። ከገብስ ሊጥና ከነጭ ዓሣ አምባሻ ጋገረና ደጅ ብርድ ላይ ካለው የምግብ ቆጥ ላይ ሰቀለው። ከመስከረም ጀምሮ በጭስ ያደረቀውን የአጋዘን ምላስ በጨርቅ ጠቀለለ፤ ሚኮል በልጅነቱ ሌላ ሥጋ አይነካም ነበር። በግድግዳው ንቃቃት ሦስት ማንኪያ ሰካ። ፕሮኮም አልተቀመጠም። «አልራበኝም» እያለ አልጋው ጫፍ ላይ ዳቦውን ይቆረጥማል። ኦልዮሽ ይህን ለልጁ ክብር ያደረገው መስሎት በልቡ መረቀው።

አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ተጫወቱ። ፕሮኮ ፍልጥ ይፈልጣል፣ ኦልዮሽ በር ላይ ቆሞ ያያል።

«ያ መጥረቢያህ ጥርሱን መቼ ነው የምታስተክልለት? ሦስት ዓመቱ እኮ ነው።»

የፕሮኮ መጥረቢያ የጋሪ ምስማር መትቶ ስለቱ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሽራፊ ወልቋል። የቆረጠው ሁሉ መሐሉ ላይ ቀጭን ጠርዝ ይቀርበታል።

«አንተ አፍ ውስጥ የወለቁት ሲተከሉ» አለ ፕሮኮ። ሳቁ። ፕሮኮ ቀድሞ አቆመ።

«ስምንት ቀን ሆነው» አለ ኦልዮሽ ወደ ጫካው እያየ። «የከተማ እግር ሆኖበት ይሆናል። ወጥመድ ማጥመድ ረስቶ ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«ልከተለው እንዴ?»

«ነውር ነው» አለ ፕሮኮ ቶሎ ብሎ። «አባት አይከተልም። አንተው ነህ የምታውቀው።»

በዘጠነኛው ቀን ፕሮኮ ወደ መንገዱ ሄዶ ሳለ ኦልዮሽ እሳት ማቀጣጠያ ሊላግ አንድ ፍልጥ አነሳ። ፕሮኮ የፈለጠው ነው። አውራ ጣቱ በእንጨቱ ፊት ላይ ስትሄድ አንዲት ጠርዝ ነካች፤ እንደ ክር የቀጠነች። ሠላሳ ክረምት ስንት ሺህ ፍልጥ ጨብጧል፤ ያቺን ጠርዝም ሦስት ዓመት ያውቃታል። ግን ጣቱ አልንቀሳቀስ አለች። ሌላ ቦታ ነክቷት ነበር። ጓንቱን አውልቆ ዛፉን በያዘበት ቀን፣ ልቡ ሳይሰማ ጣቱ ሰምታ ነበር።

ፍልጡን በብብቱ ይዞ፣ ውሻውን ሰርኮን አስከትሎ፣ ቅርብ ወዳለው ምልክት ወጣ። ቀትር ነው፤ ፀሐይ በጥዶቹ ጫፍ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ተቀብታለች። ዛፉ ላይ ሙጫው ደርቋል። በጥፍሩ ፋቀው። በሁለተኛዋ ጭረት መሐል ቀጭን ጠርዝ አለ። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደ። አለ። ወደሚቀጥለው። ሰባት ዛፍ ሄደ። በሰባተኛው ሥር ቁጭ ሊል ፈለገና ጉልበቱ አልታጠፍለት አለ፤ ቆሞ ቀረ። ሰርኮ ሰው እንደሞተ ሁሉ ቀና ብሎ አየውና እግሩ ሥር ተኛ።

አመሻሽ ላይ ፕሮኮ ሲያፏጭ ኦልዮሽ እንደ ልማዱ ድስቱን መታለት። ያን ቀን ገና ጓዱ ነበር።

ፕሮኮ ገብቶ በረዶውን አራገፈ። ጠረጴዛው ላይ ሾርባ የለም። አንድ ፍልጥ አለ።

«አውራ ጣትህን አሳልፍበት» አለ ኦልዮሽ።

«ምንድን ነው?»

«አሳልፍበት።»

ፕሮኮ እጁን አልዘረጋም። «የኔ ፍልጥ ነው።»

«ዛፎቹስ?»

በፕሮኮ ጺም ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ልነግርህ ነበር» አለ ፕሮኮ።

«መቼ?»

«በመጀመሪያው ቀን። እሳት ዳር ቆሜ ስጠብቅህ ነበር፣ ቃሉን አፌ ላይ አድርጌ። አንተ ግን ጺምህ ሙጫ ሆኖ መጣህ። ዛፍ ስመህ መጣህ፣ አንተ ሰውዬ። ምን ብዬ ልንገርህ?»

«በሁለተኛው ቀንስ?»

ፕሮኮ ወደ እሳቱ ዞረ።

«ወጥመዶቼን ስነቅል ግማሹን ተሸክመህልኛል።»

«ጉልበትህ አሳዝኖኝ ነው።»

«ጉልበቴ አሳዘነህ» አለ ኦልዮሽ፣ ቃሉን እንደ አጥንት ቀስ አድርጎ እያላመጠ።

ፕሮኮ ከመንደር ሳይነሡ የደረሰውን የታጠፈ ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ። የሚኮል እጅ ጽሑፍ ነበር፣ ወደ ግራ የሚያጋድለው። ኦልዮሽ ወደ እሳቱ ብርሃን ተጠግቶ አነበበ። «አጎቴ ፕሮኮ፣ እኔ አልመለስም። እዚህ ቤት ተሰጥቶኛል፣ ልጅም ተወልዶልኛል። ጫካው ለኔ አይሆንም። አባቴን ፊት ለፊት ልነግረው አልቻልኩም። ጭረቴን አንተው ቁረጥልኝና መንገዱን ለፓሽ ስጠው። ለአባቴ ግን ቀድመህ፣ ቀስ ብለህ ንገረው።»

ፓሽ የፕሮኮ አማች ነው። ሦስት ልጆች ያሉት፣ የሚያጠምድበት ጫካ የሌለው። የፕሮኮን ጫካ እንጨት ቆራጮች ከሁለት በጋ በፊት በመጋዝ ጠርገው ወስደውታል፤ ፕሮኮ በጉቶ መሐል ነበር የሚያጠምደው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ኦልዮሽም ያውቃል፤ ከራሱ ግዳይ ከፍሎ ለፓሽ ልጆች የሚልክ እሱ ነበር።

«ቀድመህ ንገረው ይላል» አለ ኦልዮሽ።

«ጫካዬን ሲወስዱት አይተሃል። የት ልግባ? ብነግርህ ወጥመድህን አትነቅልም፣ ሚኮል ይመጣል እያልክ እስክትሞት ትጠብቃለህ። ያንተ ልጅ አይመጣም፣ ኦልዮሽ። ዛፎቹ ለማን ይቁሙ?»

«ልጅ ተወለደልኝ ይላል» አለ ኦልዮሽ፣ ያልሰማው ይመስል። «ስሙን አልጻፈም።»

«ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር?»

ኦልዮሽ ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሶ አጠፈው። «አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አልጠየቅከኝም።»

በዚያን ዕለትም ማንም አልበላም። ሁለቱም ጀርባ ተሰጣጥተው ተኙ፤ እንቅልፍ ግን በየአልጋው አልመጣም። ጠዋት ፕሮኮ መንሸራተቻውን እያሠረ ደጃፍ ላይ ቆየ። ማሠሪያውን አሠረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሠረ።

«ምዕራቡን ጫፍ አይቼ ቶሎ እመለሳለሁ» አለ። «ያንን አምባሻ ታሞቀዋለህ። እንደ ሰው እንበላለን፣ እንነጋገራለን። ሠላሳ ክረምት እኮ ነው።»

ኦልዮሽ ለወፏ ስብ እየቆረጠ ነበር።

«ትጠብቀኛለህ አይደል?» አለ ፕሮኮ።

ኦልዮሽ ስቡን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ፕሮኮ ሄደ። የመንሸራተቻው ድምፅ በጥዶቹ መሐል እስኪሳሳ ኦልዮሽ አዳመጠው። ያንን ድምፅ ከሚስቱ እርምጃ ይልቅ ያውቀዋል።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈልጎ ሠራ። ስድሳ ሁለቱን ወጥመድ አወረደ፣ ዝገታቸውን ጠረገ፣ ስብ ቀባ፣ መልሶ ሰቀለ። ዘንድሮ አይጠመዱም፤ በገዛ እጁ ነቅሏቸዋል። ከርሞም አይጠመዱም፤ ጭረቷን የቆረጠው ሌላ እጅ ይሁን እንጂ የሰጠው ባለመብቱ ሚኮል ነው። መንገዱ ሄዷል። ይህን ከራሱ ጋር አልተከራከረበትም። የከበደው ሌላ ነው። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ዕድሜ፣ በጫካ መሐል ብቻውን የሚቀር ሰው ቢወድቅ የሚያነሳው፣ ቢያፏጭ ድስት የሚመታለት የለም። ይህን ያውቃል። ዝም ቢል፣ ሾርባውን ጥዶ ቢጠብቅ፣ ፕሮኮ ይገባል፣ ሁለት ቀን ያፍራል፣ በሦስተኛው ቀን ይቀልዳል። ክረምቱም እንደ ክረምት ያልፋል።

መስኮቱ ላይ ወፏ ስቧን ወስዳ ልጥ ሥር ሸጎጠችው። ዘመዷ መጥቶ ወሰደባት። ኦልዮሽ ሌላ አልቆረጠላትም። ቆይታ ቆይታ ራሷ ተነሥታ ወደ ሌላ ዛፍ ሄደች።

ፀሐይ በጊዜ ወረደች። አየሩ ጠርቶ ስለነበር ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። መጀመሪያ የሰርኮ ጆሮ ቆመ። ቀጥሎ ጠበቅ ያለው የመንሸራተቻ ድምፅ፣ ገና ከጉብታው ወዲያ። ኦልዮሽ ተነሣ። አምባሻውን ከቆጡ አውርዶ ምድጃው ላይ አሞቀው። የአጋዘኑን ምላስ ከጨርቁ ፈታ፤ በቢላው ስስ ስስ አድርጎ ቆረጠው፣ ሚኮል እንደሚወደው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለሰርኮ ጣለለት።

ከወንዙ መታጠፊያ ፉጨት መጣ።

ኦልዮሽ በግድግዳው ንቃቃት ወደተሰኩት ሦስት ማንኪያዎች እጁን ዘረጋ። አንዱን መዘዘ። ድስቱ ከክንዱ አጠገብ ነበር።

ፉጨቱ ድጋሚ መጣ፤ አሁን ረዘም ብሎ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ ብሎ። ከዚያ ጸጥ አለ። መንሸራተቻውም ቆመ። ፕሮኮ በመታጠፊያው ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ኦልዮሽ ጉልበቱን በእጁ ይዞ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አምባሻውን ቆረሰ። በላ።